የማኪያቶ ዕድሜ
ስለ አንድ ብርጭቆ ትዝታና ስለ አንድ መኪና ታሪክ

ከመሥሪያ ቤት መውጫ ሰዓት ላይ በአዲስ አበባ በአንድ ካፌ ደጃፍ የሚያልፍ ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው የተቆላ ቡና ሽታ ነው። ቀጥሎ ወተት የሚያሞቀው የእንፋሎት ፉጨት ይሰማል፤ ከዚያም ባለ እጀታው ማጥለያ ከእንጨት ጋር እየተጋጨ አተላውን ሲያራግፍ ድው ድው ይላል። ደንበኛ የሆነ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ አስተናጋጁ ምን እንደሚታዘዘው አይጠይቅም፤ «እንደ ተለመደው?» ይላል እንጂ። የተለመደው ማኪያቶ ነው፤ ለአንዱ ጠቆር ያለ፣ ለሌላው ነጣ ያለ።

ብርጭቆው ትንሽ ነው፤ ከአራትና ከአምስት ጉንጭ አያልፍም። ይሁን እንጂ በዚህች ትንሽ ብርጭቆ ዙሪያ የከተማው ሰው ያከማቸው ትዝታ ከመጠኗ ጋር የሚመጣጠን አይደለም። አንዱ የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለበትን ቀን ያስታውሳል፤ አንዷ ከኋላ ባልዋ ከሆነው ሰው ጋር በፒያሳ የተቀመጠችበትን ጥግ ታስታውሳለች። በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የተማረ መሐንዲስ ደግሞ የሜካኒክስ ፈተና ወድቆ ይሁን አልፎ ሳያውቅ ከጓደኞቹ ጋር ሳንቲም አዋጥቶ የጠጣትን አይረሳም። በአራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ እያነበበ አንዲት ማኪያቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ያቆየ ሰውም ጥቂት አይደለም።

ሽታ ትዝታን የሚቀሰቅሰው በአጋጣሚ አይደለም። ዓይን ያየው ወይም ጆሮ የሰማው ነገር ወደ አንጎል ሲላክ አስቀድሞ «ታላመስ» በሚባለው ማከፋፈያ በኩል ያልፋል። የማሽተት ነርቭ ግን ይህን ጣቢያ ሳይጠብቅ ከአፍንጫው በላይ ካለው የማሽተት ክፍል ተነሥቶ ስሜትና ትውስታ ወደሚመዘገቡባቸው አሚግዳላና ሂፖካምፐስ ወደሚባሉት ክፍሎች በአጭር መንገድ ይደርሳል። የተቆላ ቡና ደግሞ ከ800 በላይ የሆኑ በአየር የሚተኑ ውሑዶች እንደሚገኙበት በኬሚስቶች ታውቋል። ስለዚህ ሰውየው ገና ወንበር ሳይስብ ሽታው የሃያ ዓመቱን ዕለት አምጥቶ ከፊቱ ቢያስቀምጥለት የሚያስገርም አይሆንም።

ነገር ግን አጭር መንገድ ሁልጊዜ ትክክለኛ መንገድ አይደለም። ትዝታ የራሱን ዕለት በሚገባ ሲያስታውስ የነገሩን መነሻ ሊያሳስት ይችላል። ስለ ማኪያቶ በየካፌው የሚነገረው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማኪያቶ ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ጣሊያን ሲወጣ ትቶልን የሄደው ነው» የሚል መልስ ወዲያው ይገኛል። አንዳንዱ ይህን የሚናገረው በቀልድ ነው፤ አንዳንዱም «ከዚያ ሁሉ በደል ይህች እንኳ ትረፈን» በሚል ዓይነት ነው። ሽማግሌዎች በሚሰሙበት ቦታ ሲነገር ግን ቀልዱ ይከብዳል፤ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በቤታቸው ገብቶ የነበረ ሰዎች ልጆች ዛሬም በዚያው ከተማ ይኖራሉና። እንግዲህ ጥያቄው ስለ መጠጥ ብቻ አይደለም። አንድ ሕዝብ የሚወደውን ትንሽ ነገር ከማን እጅ ተቀበለ የሚል ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር መሐንዲስ አንድ ዕድል አለው። መጠጡን የሚሠራው መኪና ነው፤ መኪና ደግሞ የትውልድ ቀን አለው። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ዘመናት «እ.ኤ.አ.» በሚል ምልክት፣ የአገራችን ደግሞ በዓ.ም. ተጽፈዋል።)

በእንፋሎት ኃይል ቡና የማፍላት አሳብ በኢጣልያ በፓተንት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። አንጄሎ ሞሪዮንዶ የተባለ የቶሪኖ ሰው በዚያው ዓመት በከተማው ኤግዚቢሽን መኪናውን አሳየ። የሞሪዮንዶ መኪና ግን ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያፈላ ነበርና ዛሬ ከምናውቀው በጣም የራቀ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ሉዊጂ ቤዜራ የተባለ የሚላኖ ሰው ለእያንዳንዱ ጠጪ በየስኒው የሚያወጣውን፣ የተፈጨ ቡና የሚታጨቅበት ባለ እጀታ ማጥለያ ያለውን መኪና አስመዘገበ። ቤዜራ ገንዘብ አልነበረውም፤ ፓተንቱን ዴዚዴርዮ ፓቮኒ ገዝቶት እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በፋብሪካ ያመርተው ጀመር። ሐውልት የመሰለው፣ ጫፉ ላይ ንስር የተቀመጠበት የናስ መኪና በድሮ ፎቶግራፎች የሚታየው ከዚህ ዘር የመጣ ነው።

የዚህ መኪና አሠራር ለማስረዳት ቀላል ነው። በቦይለሩ ውስጥ ያለው ውኃ ሲፈላ ከላይ የሚጠራቀመው እንፋሎት ውኃውን ገፍቶ በቡናው ውስጥ ያሳልፈዋል። ግፊቱን የሚሰጠው እንፋሎቱ ስለሆነ ግፊት ለመጨመር ሙቀት መጨመር ግድ ነው። ችግሩም ይኸው ነው። ግፊቱ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ባር ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ የውኃው ሙቀት ከ100 ድግሪ ይበልጣል፤ ቡናውም ያርራል። በዚያ ዘመን ከእነዚህ መኪናዎች ይወጣ የነበረው ቡና ጥቁር፣ መራራ፣ ጭስ ጭስ የሚል ነበር። ፈጣን ነበረ፤ ጣፋጭ ግን አልነበረም። ከላዩም ዛሬ ማኪያቶን ማኪያቶ የሚያሰኘው ወርቃማ ቅባት አልነበረበትም።

ያንን ቅባት ያመጣው የሚላኖ ካፌ ባለቤት የሆነው አኪሌ ጋጃ ነው። ጋጃ እ.ኤ.አ. በ1938 የመጀመሪያውን ፓተንት አስመዘገበ። ጦርነቱ ሥራውን አቋረጠበት። በ1947 እ.ኤ.አ. ባለ ማንሻና ባለ ሞላ ፒስተን የሆነውን አሠራር አስመዝግቦ በማግሥቱ ዓመት በ1948 መኪናው ለገበያ ቀረበ። የአሳቡ ብልኅነት ግፊትንና ሙቀትን ማለያየቱ ነው። ሠራተኛው ማንሻውን ወደ ታች ሲጫን ሞላው ይታመቃል፤ ሙቅ ውኃም ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ማንሻው ሲለቀቅ ሞላው ተዘርግቶ ፒስተኑን ይገፋል፤ ውኃውም ከስምንትና ከዘጠኝ ባር ባላነሰ ግፊት ሰባት ግራም ገደማ በሆነው የታጨቀ ቡና ውስጥ ያልፋል። ሙቀቱ ሳይጨምር ግፊቱ ብቻ ብዙ እጥፍ አደገ። በዚህ ግፊት የቡናው ዘይትና በውስጡ የታመቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከውኃው ጋር ተደባልቀው አረፋ ይሆናሉ። በመጀመሪያ ጊዜ ሚላኖዎች ይህን አረፋ ሲያዩ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው እንደ ተጠራጠሩ ይነገራል፤ ጋጃም የቡናው የራሱ ክሬም ነው ብሎ ስም አወጣለት። የስኒው መጠንም ከዚያ በኋላ ያው ሆኖ ቀረ፤ ከሲሊንደሩ ይዘት በላይ ሊወጣ አይችልምና።

አሁን ሁለቱን ዘመናት እናስተያይ። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የጋጃ መኪና ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1948፣ በእኛ አቈጣጠር ከ1940 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጠላት ከተማውን ከለቀቀ ሰባት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ የዛሬዋ ማኪያቶ፣ ያቺ ወርቃማ ክሬም ያላት፣ ከጦሩ ጓዝ ጋር ልትመጣ አትችልም፤ ገና አልተፈለሰፈችም ነበርና። ጦሩ ይዞት ሊመጣ የሚችለው የእንፋሎቱን መኪና፣ ቃሉንና ልማዱን ነው። ቃሉና ልማዱ ቀላል ነገር ነው አይባልም፤ ነገር ግን «ትቶልን ሄደ» የሚለው አነጋገር በቴክኒክ በኩል ሲመረመር ግማሹ ይፈርሳል።

የቀረው ግማሽ ደግሞ በሌላ በኩል ይፈርሳል። በወረራው ዘመን በኢጣልያውያን ካፌ ውስጥ የሚቀመጠው ማን ነበር? በ1929 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የወጣው አዋጅ በኢጣልያውያንና በአገሬው ተወላጆች መካከል የትዳር መሰል ግንኙነትን በወንጀል ያስቀጣ ነበር። በሰኔ 1931 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ «የዘርን ክብር» ለመጠበቅ በሚል ሰበብ ኢጣልያውያን ለአገሬው ሰዎች በተለዩ የሕዝብ መገናኛ ቦታዎች እንዳይዘወትሩ ይከለክል ነበር። ሁለት ሕዝቦች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዳይቀመጡ የተደነገገበት ከተማ ውስጥ አንድ አዲስ አበቤ ከኢጣልያውያን ጋር ተጋፍቶ ቡናውን የሚያዝበት ዕድል ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ይህ መለያየት በሕግ ብቻ ሳይሆን በፕላንም የተሠራ ነበር፤ ይህም ለሙያው ሰው ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። ኢኛትስዮ ጉይዲና ቼዛሬ ቫሌ ለአዲስ አበባ ያዘጋጁት ፕላን የነጮችን ሰፈርና የአገሬውን ሰፈር ለያይቶ የሚያስቀምጥ ነበር። በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ጥንታዊ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። ዛሬ መርካቶ የምንለው ከዚያ የተወለደ ነው። ገበያው የተነሣበት አካባቢም «ፒያሳ» ተባለ። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ ስንት ሰው በናፍቆት የሚያስታውሰው የፒያሳ ካፌ የቆመበት መሬት፣ የአገሬው ነጋዴ ከዘንቢሉ ጋር እንዲነሣ የታዘዘበት መሬት አጠገብ ነበር። ስሙ ጣፋጭ ሆኖ ቀረ፤ አመጣጡ ግን መራራ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ማኪያቶውን መተው አይገባውም፤ ሲጠጣ ግን ይህንንም ያስብ እንደሆን ማንም አይከለክለው።

ከነፃነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ብዙ ኢጣልያውያን ቢሄዱም በኢትዮጵያ መኖርን የመረጡ መካኒኮች፣ ግንበኞች፣ ጋራዥ ከፋቾችና ኬክ ጋጋሪዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የአገሩን ሕግ አክብረው፣ ግብር ከፍለው፣ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአንድ አውደ ጥናት ውስጥ ሠሩ። ዛሬ በማንኛውም ጋራዥ የሚሰሙት ካቻቪቴ፣ ቡሎን፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ላሜራ፣ ቶርኖ የሚሉት ቃላት ኢጣልያንኛ መሆናቸውን ልብ የሚል ጥቂት ነው። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ማኪያቶም ከእነዚሁ ቃላት ጋር በአንድ መንገድ ገብታለች ቢባል አያስወቅስም፤ ዘቦች በቆሙበት በር ሳይሆን የእጅ ሙያ በገባበት በር ማለት ነው። ብዙዎች የሚያውቁት ቶሞካም፣ ስሙ «ዘመናዊ ቡና መቁያ» ከሚሉ የኢጣልያንኛ ቃላት አጥሮ የተሠራ ሲሆን፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ይህም የጋጃ መኪና ለገበያ ከቀረበ ከአምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የሚቀጥለው እርምጃ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በዚያ ዓመት በኤርኔስቶ ቫሌንቴ የሚመራው ፋኤማ የሞላውን ሥራ ለኤሌክትሪክ ፓምፕ ሰጠ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በኢጣልያ በታየው የፀሐይ ግርዶሽ ምክንያት መኪናው «ኢ 61» ተባለ። ግፊቱ ዘጠኝ ባር ሆኖ ሳይዋዥቅ ይቆያል፤ ውኃውም ከቦይለሩ ውስጥ ባለፈ ቱቦ እየሞቀ በየጊዜው ትኩስ ሆኖ ይመጣል፤ የሠራተኛውም ትከሻ አረፈ። ፓምፕ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራምና እግረ መንገድን አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ኢጣልያ በጦርነት ካሳነት በከፈለችው ገንዘብ የተሠራው፣ 43.2 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የቆቃ የኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ባለ ፓምፑ መኪና ከመፈልሰፉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ባለበት ካፌ ማኪያቶ የጠጣ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ዓ.ም. ሰው የካሳውን ገንዘብ በጥቂቱም ቢሆን በብርጭቆ ቀምሶታል ብንል ማጋነን ይሆን? ምናልባት ይሆናል። ሆኖም «ትተውልን ሄዱ» ከሚለው ይልቅ «ከፍለው ነው» የሚለው ለሰነዱ የቀረበ ነው።

በዚህ ላይ፣ «ማኪያቶ መጤ ናት፤ የእኛ ጥንታዊው ጀበና ነው» የሚል ወገን አለ። ይህም አሳብ በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ቡና በከፋና በአካባቢው ጫካ በቅሎ የተገኘ፣ በጂማ፣ በሐረርና በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች ለረጅም ዘመን ሲጠጣና ሲበላ የኖረ መሆኑ የታወቀ ነው። በሸዋና በሌሎች የደጋ ክርስቲያን አገሮች ግን ቡና መጠጣት የሌላ እምነት ልማድ ነው ተብሎ ሲነቀፍ ቆይቷል። ይህ ነቀፋ የለዘበው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ እንደ ነበርና አቡነ ማቴዎስም ጥርጣሬውን ለማስወገድ እንደ ረዱ የታሪክ ጸሐፊዎች ገልጸዋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ክርስቲያን ቤት ረከቦት ተዘርግቶ፣ ሣር ተጎዝጉዞ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚጠጣው ቡና ለከተማው ከማኪያቶ የሚበልጠው ምናልባት በስድሳ ወይም በሰባ ዓመት ያህል ነው። ሁለቱም የከተማው ልጆች ናቸው። አንደኛዋ ታላቅ እኅት ናት እንጂ አያት አይደለችም።

ጀበናና መኪና የሚለያዩበት ዋና ነገር ዕድሜ ሳይሆን ፊዚክስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ያለች ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውኃ 92 ድግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ጀበና የቱንም ያህል ቢነድበት ከዚህ አያልፍም። የዛሬ ባለሙያዎች ቡናን ለማውጣት የሚመክሩት ሙቀት ከ90 እስከ 96 ድግሪ ነው። እንግዲህ የእኛ እናቶች ቴርሞሜትር ሳይዙ፣ ተራራው ራሱ ሙቀቱን እየተቆጣጠረላቸው፣ ቤዜራ በሚላኖ ያሳረረውን ቡና ሳያሳርሩ ኖረዋል። ጋጃ በሞላ የደረሰበትን አንዱን ግማሽ ከፍታው ለአዲስ አበባ በነፃ ሰጥቷት ነበር። ሌላው ግማሽ ግፊቱ ነበር፤ እርሱ በጀበና አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው የአዲስ አበባ የራሷ ሥራ ነው። «ማኪያቶ» በኢጣልያንኛ «ነጠብጣብ ያረፈበት» ወይም «የተበከለ» ማለት ነው፤ በጥቁር ቡና ላይ የጠብታ ያህል ወተት መጨመሩን ለመግለጽ የወጣ ስም ነው። በሚላኖ ማኪያቶ ያዘዘ የአዲስ አበባ ሰው የሚቀርብለት ከግማሽ ስኒ የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነውና፣ ተታለልኩ ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል። እዚህ ግን ወተቱ በዝቶ፣ ስኒው በብርጭቆ ተተክቶ፣ ቡናውና ወተቱ ሳይዋሐዱ እንደ አለት ንብርብር ተደራርበው የሚታዩበት ሌላ መጠጥ ሆነ። ጠጪው ስኳር ጨምሮ እስኪያማስለው ድረስ ንብርብሩ አይፈርስም። አንዳንዱ ጠጪ ጨርሶ አያማስለውም፤ ከላይ ወደ ታች ከመራራው ወደ ጣፋጩ ይወርዳል። ከዚህም ሌላ ከሻይ ጋር ተጋብቶ «ስፕሪስ» የሆነውን ቡና የትኛውም የሚላኖ አሳላፊ አያውቀውም።

በሰው አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ልዩነት ከማንም የበለጠ ያውቁታል። በዋሽንግተን አንድ ሰው በአሜሪካ ካፌ ገብቶ «ማኪያቶ» ቢል፣ ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ1996 ካወጣው የካራሜል ማኪያቶ ወዲህ፣ ትልቅ የወረቀት ኩባያ ሙሉ ጣፋጭ ወተት ሊቀርብለት ይችላል። አንድ ቃል በሦስት ከተሞች ሦስት መጠጥ ሆነ። ሰውየው የሚፈልገው ሦስተኛውን ነው፤ እርሱን ለማግኘትም አገሩን የሚያውቅ እጅ ያለበትን ካፌ ፈልጎ ራቅ ወዳለ ሰፈር ይነዳል። በጉንጩ የሚፈልገው ቡናውን ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሰዓት እላፊ ምክንያት ካፌዎች ገና በጊዜ በሚዘጉበት ወቅት ለመጨረሻ ጊዜ አብሮት የጠጣው ጓደኛው ከዚያ በኋላ ያልታየ ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ማኪያቶ ሲጠየቅ ስለ ማኪያቶ ብቻ አይመልስም። ብዙ ጊዜም ዝም ይላል።

እነዚያን ዓመታት ያሳለፉት መኪናዎችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1967 ዓ.ም. ብዙ ድርጅቶች ወደ መንግሥት እጅ ከገቡና የውጭ ምንዛሪ ከጠበበ በኋላ ከሚላኖ መለዋወጫ ማዘዝ ቀላል ነገር አልነበረም። ቡናው ራሱ የአገሪቱ ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 የብራዚልን እርሻ ውርጭ ከመታው በኋላ በዓለም ገበያ ዋጋው እስከ 1977 ሲያሻቅብ ምርጡ ፍሬ ወደ ወደብ መጉረፉ የሚጠበቅ ነው። ቡና ወጥቶ ምንዛሪ ይገባል፤ በምንዛሪው ግን የቡና መኪና ጓርኒሲዮን ለመግዛት የሚቀድሙ ስንት ጉዳዮች ነበሩ። መለዋወጫ በሌለበት አገር የመኪና ዕድሜ የሚራዘመው በቶርኖ ቤት ነው። ያለቀ ፒስተን ተለክቶ እንደ ገና ይቀረጻል፤ የደከመ ሞላ ይለወጣል፤ በቦይለሩ ግድግዳ የተጋገረ ኖራ በአሲድ ይጸዳል። የዚህ ሥራ ባለቤቶች ስም በየትኛውም የቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ አልተጻፈም። የጋጃና የፋኤማ ስም በየመኪናው ግንባር ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ መኪናውን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት በሥራ ላይ ያቆየው ሰው ግን «ሰጠኝ ብሎ ጠገነው» ተብሎ እንኳ አልተመዘገበም። ማኪያቶ የማን ናት ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከፊሉ በእነዚህ ቶርኖ ቤቶች ወለል ላይ ከብረት ፍቅፋቂው ጋር ተጠርጓል።

አሁን ደግሞ የቦታው ጉዳይ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር በፒያሳና በተለይም በዶሮ ማነቂያ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ይህ የማኅበራችን አባላት በልዩ ልዩ ሥራ የተሳተፉበት ጉዳይ ነው፤ አንዳንዱ በቅየሳ፣ አንዳንዱ በውኃ መስመር፣ አንዳንዱ በመንገድ ሥራ። ከተማ ማደሱ አስፈላጊ አይደለም የሚል መሐንዲስ አይገኝም። የቤቶቹን ግድግዳ የነካ፣ የፍሳሹን ሁኔታ ያየና የኤሌክትሪክ ሽቦውን የመረመረ ሰው እንዳሉ ይቆዩ ብሎ አይፈርምም። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ በባዕድ ፕላን ገበያው የተነሣበት ሰፈር፣ ሁለተኛ ጊዜ በራሳችን ፕላን ሲነሣ፣ ሁለቱን ለየሚያደርጋቸው ነገር ምን እንደሆነ ባለሙያው ሊጠይቅ ይገባል። ልዩነቱ ያለ ጥርጥር ትልቅ ነው፤ ያኛው ሰውን በዘሩ ለመለየት የተሠራ ነበርና። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ ከመፍረሱ በፊት ምን እንደ ነበረ በሚገባ አልተጻፈም።

አንድ ቤት ሲፈርስ የሚሞላ ቅጽ አለ። ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑ፣ የውኃና የመብራት ቈጣሪ መኖር አለመኖሩ ይጻፍበታል። ባንኮኒው የት እንደ ነበረ አይጠይቅም። የቡና መኪናው ከየት ዓመት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ጠገነው፣ ቱቦው በግድግዳው ውስጥ በየት በኩል እንዳለፈ የሚጻፍበት መስመር የለውም። እንዲህ ያለ መስመር በቅጹ ላይ መጨመር ለአንድ ቀያሽ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት ከዚያም ያንሳል። ባለቤቱ አሮጌውን ባለ ማንሻ መኪና ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጠው ሲያስጭን ደርሶ የተከታታይ ቍጥሩንና የፋብሪካውን ሰሌዳ መገልበጥም እንዲሁ ነው። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በኩል በሁለት ቡሎን የታሰረ ነው፤ በካቻቪቴ ወይም በአነስተኛ መፍቻ ይወጣል።